በማዘዣ ላይ የንግድ ስም መጻፍ ለምን ተውኩ?

በጊቤ ሸለቆ አካባቢ በአንድ ወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ የዘወትር እንግዳችን ነበር። በሬው ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ የዓይኑ ሽፋን ገርጥቶ ይመጣል። ባለቤቱም «ዶክተር፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አስወግቼው ነበር፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም» ይለኛል። ከኪሱ ያወጣቸውን ባዶ ከረጢቶች ሳገላብጥ ፊት ለፊት ያለው ስም ይለያያል፤ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ግን አንድ ነው፤ ዲሚናዚን አሴቱሬት። ሰውየው ሁለት ጊዜ ከፍሎ የገዛው ያንኑ መድኃኒት ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስያን ዲሚናዚንን ከተለማመዱ ደግሞ ስሙን ብቻ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው አይሶሜታሚዲየም የተባለው ሌላ መድኃኒት ነው።

የንግድ ስም ግራ ለማጋባት የተመቸ ነው። ቬሪቤን ዲሚናዚን ነው፤ ቬሪዲየም አይሶሜታሚዲየም። በሐኪም የእጅ ጽሑፍ ሲጻፉ ምን እንደሚመስሉ አስቡት! ገበሬው «ቢጫው» እና «ቀዩ» እያለ የሚለያቸው በዱቄቱ ቀለም ነው፤ ለእኔ ይህ ከንግድ ስሙ የተሻለ ነው።

ስለዚህ በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱን ዓለም አቀፍ የጋራ ስም፣ ማለትም ማንም ፋብሪካ ቢሠራው የማይለወጠውን የንጥረ ነገሩን ስም፣ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የእነዚህን ስሞች የመጀመሪያ ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ የስሙ መጨረሻ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ቤተሰብ ይናገራል። ሁለቱም በ«ቤንዳዞል» የሚያልቁ የአንድ ቤተሰብ የትላትል መድኃኒቶች ናቸውና፣ «አልቤንዳዞል አልሠራልኝም» ብሎ ፌንቤንዳዞል የገዛ ሰው ጎረቤት ቤት ገባ እንጂ ሰፈር አልቀየረም።

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ደንበኛው የሚያውቀው የካርቶኑን ስም ነውና። በኋላ ግን የታዘዘው ንጥረ ነገርና መጠን እስካለ ድረስ በእጃቸው ያለውን መሸጥ እንደሚችሉ ሲገባቸው ወደዱት።

ስም ብቻውን ግን አይበቃም። ለ250 ኪሎ በሬ ዲሚናዚን በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ሲታሰብ 875 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህን ከሚሊ ሊትሩ ጋር ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ክብደቱንም በዓይን አልገምትም፤ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቼ አሰላለሁ። ከሚገባው በታች መውጋት ተሕዋስያኑን ማለማመድ ነውና።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። 10 በመቶው በየቀኑ ይወጋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚሠራው 20 በመቶ ግን አንዴ ተወግቶ፣ ካስፈለገ ከሦስት ቀን በኋላ ይደገማል። የሁለቱም መጠን ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሚሊ ሊትሩ ስህተቱን አያጋልጥም። ስለዚህ በዚህ መድኃኒት ላይ በመቶኛውን፣ «ለረጅም ጊዜ የሚሠራ» የሚለውን ቃልና ወተቱ የማይሸጥባቸውን ቀናት ሳልጽፍ ማዘዣው ከእጄ አይወጣም።