ከሥራ ሰዓት ውጭ የምንጽፈው ኮድ የማን ነው?

ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ የሚሆን ፕሮግራም ማታ ማታ፣ በራሴ ላፕቶፕና በራሴ ኢንተርኔት ሠርቻለሁ። ስለ ኮዱም ሆነ ስለ መጀመሪያዎቹ ደንበኞች የምለው ብዙ የለኝም። የምጽፈው ከመሥሪያ ቤቴ ስለቅ ስለ ገጠመኝ ነው፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ እንግልት በቀረልኝ ነበር።

መልቀቂያ ሳስገባ የሕግ ክፍሉ ክሊራንሴን ያዘ፤ ምክንያቱም በሥራ ውሌ ውስጥ ሠራተኛው በቅጥር ዘመኑ የሚሠራው ማንኛውም ሶፍትዌር የድርጅቱ ንብረት ነው የሚል አንቀጽ ነበረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአሠሪው የሚሰጠው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በሥራ ውሉ መሠረት የተሠራውን እንጂ ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ የሠራውን አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ኃላፊው ግን «ሌላ ስምምነት የተባለውማ ይኸው የፈረሙበት ውል ነው» አሉኝ። ቢሆንም ሥራው ከቢሮ ሰዓት ውጭ መሠራቱን ካስረዳሁ ነገሩ እንደሚታይልኝ ተነገረኝ።

በኮድ ላይ የተደረገን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን የጊት ፕሮግራም መዝገቤን አትሜ ባቀርብ፣ የኮሚት ሰዓት፣ ማለትም እያንዳንዱ ለውጥ የተመዘገበበትን ሰዓት፣ ማንም በገዛ ኮምፒውተሩ ሊቀይረው ይችላል ተባልኩ፤ ይህ እውነት ስለሆነ ኮዱን የጫንኩበት ሰርቨር ራሱ የመዘገበውን ሰዓት አመጣሁ። ሰርቨሩ ደግሞ የሚመዘግበው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበርና፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጫንኩት ሥራ 17:00 ተብሎ፣ ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ቢሮ ሳለሁ የተሠራ መስሎ ተነበበ። ልዩነቱን ባስረዳም «ከሚመለከተው አካል በማኅተም አረጋግጠው ያምጡ» ተባልኩ። ሶፍትዌር እየሸጠ የሚተዳደር ድርጅት ይህን መጠየቁ እስካሁን ያበሳጨኛል። በመጨረሻ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ እዚያው በሕግ ክፍሉ ኃላፊ ፊት የሰርቨሩን ማሳያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይረው ሲያሳዩዋቸው ነው የክሊራንስ ደብዳቤዬ የተፈረመልኝ።

አንዳንዶች ማታ የምትሠራውን ደብቅ ይላሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በጥር 1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤምአይቲ ከተባለው ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የለቀቀው፣ ማንም በነጻነት የሚጠቀምበትና የሚቀይረው ሶፍትዌር ለመሥራት የጀመረውን የግኑ ፕሮጀክት ተቋሙ የእኔ ነው እንዳይል ነበር። እኛ ደመወዝ ትተን መውጣት ባንችልም፣ ውሉን ከመፈረማችን በፊት «በቅጥር ዘመኑ» የሚለው «በተመደበበት ሥራ» በሚል እንዲተካ መጠየቅ እንችላለን። የሰው ሀብት ክፍሉ በቃል «ችግር የለውም» ቢል አትመኑት። ለአሠሪው ማታ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗልና ከዚያ ያለፈው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠየቅበት። በቃለ መጠይቅ ላይ በግልህ የሠራኸውን ኮድ አሳየን ብሎ የቀጠረ ድርጅት፣ ከቀጠረ በኋላ ያንኑ ኮድ የእኔ ነው የማለት መብት ሊኖረው አይገባም፤ አዲሱ አሠሪዬም ይህን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሮልኛል።