ቅጠሉን አትመኑ፣ ግንዱን ሰንጥቁ

የበርበሬ አጠውልግ ጨካኝ በሽታ ነው። ማሳው ለምለም ሆኖ ይከርምና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከሥር ቢጫ እያለ ይረግፋል። ከዋና አምጪዎቹ አንዱ ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሥር ይገባና የተክሉን የውሃ መተላለፊያ ይዘጋል። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም። ስለዚህ የገበሬው ተስፋ ዘሩ ላይ ነው። እኔም በአገር ቤት ዘሮቻችን ውስጥ የሚቋቋመውን ልፈልግ ብዬ አራት ኪሎ አንድ ግሪን ሃውስ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ።

ዘሩን ያወጣሁት መርካቶ ከገዛሁት ዛላ ነው። የማረቆ፣ የአላባ፣ የቡሬ እየተባለ ነው የሚሸጠው። ሻጯ እናት ግን «ልጄ፣ ስሙን ተወው፤ ዛላ በዛላ እየው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ በኋላ ገባኝ።

ፈንገሱን ከታመመ ግንድ አወጣሁት። ቁራጩን በተበረዘ በረኪና አጥቤ፣ ከድንች፣ ከስኳርና አጋር ከሚባል እንደ ጄሊ ከሚያረጋ ነገር በተሠራ ምግብ ላይ አሳደግኩት። ማይክሮስኮፕ ሥር ማጭድ የሚመስሉት ስፖሮች፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ሲታዩ ደስ ይላል! ከዚያ የችግኞቹን ሥር ጫፍ ቆርጬ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ስፖር ባለው ውሃ ነከርኩ። ከየዘሩ የተወሰኑትን ደግሞ በንጹህ ውሃ ብቻ። እነዚህ ማነጻጸሪያ ከሌሉ ሥር ተቆርጦ የደከመውን ከታመመው መለየት አይቻልም።

አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ፈተና ብርዱ ነው። ፉዛሪየም የሚወደው 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤቱ ሌሊት ከቀዘቀዘ ሁሉም ዘር ጀግና ይመስላል። ስለዚህ ሙቀቱን ጠዋትም ማታም መዝግቡ።

የጠወለገ ሁሉም ፉዛሪየም አይደለም። ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አስገቡ። እንደ ክር ነጭ ነገር ከፈሰሰ ባክቴሪያ ነው።

በመጨረሻ የሞቱትን ግንዳቸውን፣ አረንጓዴ ሆነው የቆሙትን ደግሞ እንዳይሞቱብኝ የጎን ቅርንጫፋቸውን ቆርጬ ሰነጠቅኩ። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ቡናማ ሆኗል። ታመው ነው የቆሙት፤ ይህ መቻል እንጂ መቋቋም አይደለም። በአንድ ስም ከተሸጠው ዛላ የበቀሉት እህትማማቾች እንኳ አንዱ ሲሞት ሌላው ውስጡ ነጭ ነበር። አሁን የምመርጠው በተክል እንጂ በስም አይደለም። ከጎን ቅርንጫፋቸው አይቼ ንጹህ ያገኘኋቸውን አስቀርቻለሁ። ንብ ከሌላው እንዳታዳቅልብኝ አበባቸውን በሻሽ ሸፍኛለሁ፤ ዘራቸው ሲደርስ እንደገና ይፈተናል።