የውስጥ እግሬ ኪንታሮት እንዴት ለቀቀኝ

ስራመድ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስለኝ ነበር። ባራግፈው ባራግፈው ምንም የለም። እግሬን ገልብጬ ሳይ ተረከዜ ጋ ደንደን ያለች ክብ ነገር አገኘሁ።

ተራ የደነደነ ቆዳ ትሁን ኪንታሮት መለየት ነበረብኝ። የውስጥ እግር ቆዳ እንደ ጣት አሻራ መስመር አለው። የደነደነ ቆዳ ላይ መስመሮቹ ሳይቋረጡ ያልፋሉ፤ የኔዋ ላይ ግን ጠርዟ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ደግሞ ከላይ ስጫናት ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሳደርጋት ነው ይበልጥ ያመመችኝ። ላይዋን ፋቅ ሳደርገው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ብዙ ሰው «ሥሩ ነው፣ ነቅለህ ጣለው» ይላል። ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ ነጠብጣቦቹ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ናቸው። በምላጭ መቆፈር ትርፉ መድማትና ቫይረሱን ማዛመት ነው።

አዎ፣ ቫይረስ ነው፤ ኤችፒቪ ይባላል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ሲኬድ በትንሽ ስንጥቅ ይገባል። ደግነቱ ከላይኛው ቆዳ አልፎ አይሄድም።

ከፋርማሲ ሳሊሲሊክ አሲድ ገዛሁ። ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እዘፈዝፋለሁ። ነጭ ሆኖ የራሰውን የሞተ ቆዳ በእግር መፋቂያ አነሳለሁ። ዙሪያዋን ቫዝሊን ቀብቼ መድኃኒቱን እሷው ላይ ብቻ ጠብ አደርጋለሁ፤ ሲደርቅ በፕላስተር እሸፍናለሁ። እንደኔ እንደኔ ዋናው ሥራ መፋቁ ነው። የሞተው ቆዳ ካልተነሳ መድኃኒቱ እላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መፋቂያው ደግሞ ለሌላ ቦታም ለሌላ ሰውም አይሆንም፤ ቫይረሱን ይዞ ይዞራል። ቆዳው ሲቀላና ሲያቃጥለኝ ጥቂት ቀን አሳርፈዋለሁ።

ትዕግሥት ይፈልጋል። እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ሕመሙ ቢጠፋም አላቆምኩም። ያቆምኩት የቆዳዬ መስመሮች ቦታውን አቋርጠው ሲያልፉ ካየሁ በኋላ ነው።

በዚህ አልሄድ ካለ ሐኪም በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል፤ ያማል፣ አንዴም ላይበቃ ይችላል። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ግን አሲዱን ቤት ውስጥ አይሞክረው፤ ቁስሉ ሳይታወቀው ሊከፋበት ስለሚችል በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂድ።