ሳጥኗ ነበረች፣ ቁልፉ አልነበረም

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ በምሠራበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ዴንማርክና ፊንላንድ ይጫወታሉ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ተዘረረ። ግቢው ጸጥ አለ። ጓደኞቹ ከበው ከለሉት፣ ሐኪሞቹ ደረቱን ተጫኑ፣ አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ መቱት። ልጁ ነቃ። ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ኳስ ተጫወተ።

እኛ ቤት የቀረው ወሬ «ፈጣሪ ሲያተርፍ እንዲህ ነው» የሚል ነበር። ልክ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሰው የወደቀው እኛ ግቢ ቢሆን ምን እናደርግ ነበር? ሰርግ እናስተናግዳለን፣ ተዝካር እናስተናግዳለን፣ ፋሲል ግንብን ዞረው የደከሙ ሽማግሌ ቱሪስቶች እናሳድራለን። ያለን የእሳት ማጥፊያና አንድ የተከፈተ የፋሻ ጥቅል ነበር።

እህቴ አሜሪካ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ደውዬ ጠየቅኳት። «ኤኢዲ ነው የምትለው፤ በድንገት የቆመችን ልብ በኤሌክትሪክ የሚመታ መሣሪያ። እዚህ ጂምም ኤርፖርትም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ፤ ማንም አንስቶ ይጠቀምበታል» አለችኝ። ለ2014ቱ ጥምቀት ስትመጣ አንድ ያገለገለ ግን የተፈተሸ መሣሪያ በእጅ ሻንጣዋ ይዛ መጣች። ከምሳ ዕቃ ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለት ጥንድ የሚለጠፉ ፓዶችም ነበሩት።

አሠራሩን ስትነግረኝ ቀላልነቱ ገረመኝ። ልብ በድንገት ስትቆም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ጭራሽ ጸጥ አትልም፤ ትርገፈገፋለች እንጂ ደም አትረጭም። መሣሪያው በፓዶቹ በኩል ያንን መርገፍገፍ ያነባል። ካገኘው «ቁልፉን ተጫን» ይላል፤ ካላገኘው አይመታም። ጤነኛ ሰው ላይ ብትለጥፈው እንኳ ልምታ አይልህም። ታዲያ ደቂቃ አይጠብቅም። ደረቱን የሚጫን ከሌለ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ሳጥኗን የት አስቀመጥኳት? ግምጃ ቤት። «ውድ ዕቃ ነው፣ ይጠፋል» ተባለ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ጓጉንቸር ቁልፍ ተቆለፈባት።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ የሰርግ ሰሞን፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እንግዳ ምግብ ለማንሳት ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ሳህናቸው ቀድሟቸው ወደቀ።

«የሚጥል በሽታ ነው! ክብሪት ጫሩ!» አለ አንዱ። አንዷ ጠበል ልታመጣ ሮጠች። ሌላው ሎሚ እየቆረጠ ነው። ሰውየው ያንኮራፋሉ። «ይተነፍሳሉ እኮ፣ አትንኳቸው» አለ አንድ ጎልማሳ። እኔም አመንኩት። ኋላ ነው የተማርኩት፤ ልብ ከቆመች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያ ያለ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ማንኮራፋት ሊኖር ይችላል። ትንፋሽ አይባልም። ጠርተኸው ካልመለሰልህ፣ ትንፋሹም የደህና ሰው ትንፋሽ ካልሆነ፣ ደረቱን መጫን ነው።

ነገሩ ሲገባኝ ወደ ግምጃ ቤት በረርኩ። ተቆልፏል። ቁልፉ ከስቶር ኪፐሩ ጋር ቅዳሜ ገበያ ነው። ደወልኩ። «መጣሁ፣ ባጃጅ ላይ ነኝ» አለኝ። የጎንደር ባጃጅ ቅዳሜ ቀን እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጨረሻ ወጥ ቤቷ ዘነዘና ይዛ መጣችና ጓጉንቸሩን በሦስት ምት ገነጠለችው።

ሳጥኗን ይዤ ስመለስ ሰውየው እንደተዘረሩ ናቸው። ክብሪቱ ተጭሯል፣ ጠበሉ ተረጭቷል፣ ደረታቸውን የሚጫን ግን አልነበረም። ማንንም ሳላዝ ነው የሮጥኩት። ሱፍ፣ ክራቫት፣ ሸሚዝ፣ ካናቴራ። መቀስ የለም፤ ቀደድነው። ደረታቸው በጠበሉ ርሷል፤ በጠረጴዛ ልብስ አደረቅነው። የአንገታቸውን መስቀል ወደ ጎን ገፋሁት፤ መበጠስ አያስፈልግም፣ ፓዱ ብረት ላይ እንዳያርፍ ብቻ ነው። አንዱን ፓድ ከቀኝ የአንገት አጥንታቸው በታች፣ ሌላውን በግራ ጎናቸው ከብብታቸው ዝቅ አድርጌ ለጠፍኩ። መሣሪያዋ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። «እማማ፣ በእግዜር፣ እጃቸውን ይልቀቁልኝ» አልኳቸው። የመሣሪያዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ሰውነታቸው ነጠር አለ። ከዚያ በሚኒባስ ወለል ላይ ደረታቸውን እየተጫንን ሐኪም ቤት ደረስን።

አልተረፉም።

ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ሊያመሰግን መጣ። ቡና ጠጣን። ሳጥኗን ማየት ፈለገ፤ አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አያትና «ከወደቀ ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?» አለኝ። ካሜራው ላይ ቆጥሬው ስለነበር አውቀዋለሁ። «ዘጠኝ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ሲኒውን አስቀምጦ ተሰናብቶኝ ሄደ።

በማግስቱ ሳጥኗን ከግምጃ ቤት አወጣኋት። እንግዳ መቀበያው አጠገብ፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ቁልፍ የላትም። የሆቴሉ ባለቤት አሁንም ሌባ ሌባ ሲሉ ጥበቃችን አንድ መላ ዘየዱ። በሩ ላይ የበግ ቃጭል አሰሩበት። ማንም ሲከፍታት ግቢው ሁሉ ይሰማል። ውጭ አገር ለዚህ ማንቂያ ደውል አለው አሉ፤ የእኛ ባትሪ አይፈልግም። ውስጧ መቀስ፣ ምላጭና ፎጣ ጨመርን። ምላጩ ፀጉራም ደረት ላይ ፓድ ስለማይዝ ነው። ፎጣው ለላብና ለውሃ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው የጥምቀት ዕለት፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ውሃ አስቡት፤ እዚያማ ከሳጥኗ በፊት ፎጣው ይቅደም።

ሥልጠናው የበለጠ አስቸገረኝ። ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ዘመድ አለችን፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት መጣችልን። የመለማመጃ አሻንጉሊት የለም። ባዶ ጀሪካን በጋቢ ጠቅልለን ወለል ላይ አስተኛነው። አልጋ ላይ አይሆንም፤ ፍራሹ ነው የሚሰምጠው። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። እዚህ ጋ ያልጠበቅነው ችግር መጣ። ሠላሳ ድረስ ስንቆጥር «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» ላይ እጃችን ከአፋችን ጋር አብሮ ይዘገያል። አስተናጋጁ ልጅ ነው የፈታው፦ «እስከ አስር ሦስት ጊዜ እንቁጠራ!» አሁን እንዲያ ነው የምንቆጥረው። በየሁለት ደቂቃው ሰው እንቀያየራለን። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ወጥ ቤቷ፣ ያቺ ባለ ዘነዘናዋ፣ ከሁላችንም ትበልጣለች።

የመሣሪያዋን እንግሊዝኛም ወደ አማርኛ መልሰን በትልልቁ ጽፈን ክዳኑ ላይ ለጠፍን። «አትንኩ፣ እያነበበች ነው።» «ልትመታ ነው፣ ራቁ።» «ምት አያስፈልግም፣ ካልነቃ መጫን ቀጥሉ።» ሦስተኛዋን የጨመርናት አንድ ማኅበር ላይ ከሆነው በኋላ ነው። አንዲት እናት በሙቀቱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ልጆቹ ቸኩለው፣ ትንፋሻቸውን እንኳ በወጉ ሳያዩ፣ በነጠላ ከልለው ለጠፉባቸው። መሣሪያዋ ምት አያስፈልግም አለች። አስተናጋጁ «ተበላሽታለች!» ብሎ ጮኸ። እማማ ዓይናቸውን ገልጠው «ደግሞ ምን ለጠፋችሁብኝ?» አሉ። ሳቁ ለሳምንት አላለቀም። መከለሉን ግን ወድጄላቸዋለሁ። ሴት ስትወድቅ ደረቷን ለመግለጥ ሰው ያፍራል፤ ሁለት ሰው ነጠላ ከዘረጋ እፍረቱም ይሸፈናል፣ ሥራውም ይሠራል።

አሁንም የሚያናድደኝ ስህተት የፓዱ ነው። ፓድ ሙጫው ስለሚደርቅ የአገልግሎት ጊዜ አለው። ግንቦት 2016 ላይ የቀረውን ጥንድ ስንፈትሽ ማሸጊያው ላይ 2023 ይላል። ስቶር ኪፐሩ «ገና ሰባት ዓመት አለው» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ልመልሰው ስል ነው ብንን ያልኩት። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! ካለፈበት ስድስት ወር ሆኖታል። አዲስ እስኪመጣልን ሦስት ወር በድሮው ፓድ ተሳቀን ከረምን። አሁን ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን፣ ወሩን በስሙ ጽፈን፣ በቀይ እስክሪብቶ ሳጥኗ በር ላይ አድርገነዋል። የባትሪውንም እንዲሁ።

ዕለታዊው ፍተሻ የጥበቃችን ነው። ጠዋት ቡናቸውን ሳይቀምሱ ሄደው መብራቷን ያያሉ፤ ከመኪና መመዝገቢያው ጎን ባለ ደብተር «አረንጓዴ» ብለው ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ማክሰኞ ላይ የጻፉትን አየሁ፦ «አረንጓዴ ናት። ግን አቧራ ጠጥታለች፣ ጠርጌያታለሁ። ቃጭሉ ስለላላ በአዲስ ገመድ አስሬዋለሁ።»