ፍርድ ቤት ሲዘጋ

ነሐሴ ሲገባ የሚይዘኝ ስሜት ዘንድሮም ቀኑን ሳያዛንፍ መጣ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ቀን ለዓመታዊ እረፍት ሲዘጉ፣ ጊዜ የማይሰጡ ጉዳዮችን ከሚያዩት ተረኛ ችሎቶች በቀር ቀጠሮ ስለማይኖር፣ ጠበቃ የነበረው አባዬ ሙሉ በሙሉ የእኛ የሚሆነው በእነዚያ ሳምንታት ነበር። ሌላው ሰው ክረምቱን በዝናቡ ሲያውቀው እኛ ልጆቹ የምናውቀው ጥቁሩ ቦርሳው ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ በመግባቱ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ሰውነቴ ያንን አቆጣጠር አልተወውም፤ ወሩ ሲጠባ አንድ ሰው ወደ ቤት ሊመጣልኝ ነው የሚል መጠባበቅ ሳላስበው ያድርብኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይከብደኛል።

በቀረው የዓመቱ ክፍል ሕይወታችን የሚመራው በአጀንዳው ነበር። በየገጹ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱና ሰዓቱ፣ ከጎኑም መዝገቡ ለምን እንደተቀጠረ የሚገልጽ አጭር ቃል ይሰፍራል፤ መልስ ለመቀበል፣ ለቃል ክርክር፣ ምስክር ለመስማት፣ መርምሮ ለመወሰን። የእኛም ነገር የሚጻፈው እዚያው ላይ፣ በዚያው ቀለምና በዚያው ጥንቃቄ ነበር፤ የወላጆች ስብሰባ፣ የታናሼ ክትባት፣ የእኔ ውጤት የሚሰጥበት ቀን። ችሎት ቀጠሮ ሲሰጥ ቀኑ ከእኛ ከአንዳችን ጋር ከተጋጨበት ተነሥቶ ሌላ ቀን እንዲሰጠው በአክብሮት ይጠይቅ እንደነበር፣ ምክንያቱን ሲጠየቅም «ቀድሞ የያዝኩት ቀጠሮ አለኝ» ብቻ ይል እንደነበር የሰማሁት ከእሱ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ አብረውት ከሠሩ አንድ የሙያ ባልደረባው ነው። ቃል ሲገባልን «እሞክራለሁ» አይልም፤ ወይ አጀንዳው ላይ ይጽፈዋል፣ ወይ እንደማይችል እዚያው ይነግረናል። አቅፎ የሚስም፣ ብዙ የሚያወራ አባት አልነበረም። እኔ ግን ከጽሑፉ የበለጠ የፍቅር ማስረጃ አልፈልግም።

ከወንድሜ ጋር ስንጣላ መጀመሪያ የየራሳችንን አቤቱታ አይሰማም ነበር። እኔ የወንድሜን፣ ወንድሜም የእኔን ነገር፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ እንድንናገር ያደርገናል፤ አንዲት ቃል ካጣመምን ከመጀመሪያው ያስጀምረናል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚፈረድ ነገር አይቀርም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት «አባትሽ የሌባ ጠበቃ ነው» ተብዬ እያለቀስኩ ስመጣም እንደ ሌሎች ወላጆች የተናገረኝን ልጅ ስም አልጠየቀኝም። አጠገቡ አስቀምጦ ሕገ መንግሥቱን አወጣና አንቀጽ 20ን ራሴ እንዳነብ አደረገኝ፤ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ በመረጠው ጠበቃ የመወከልም መብት እንዳለው። አንብቤ ስጨርስ «ሌባ መሆኑን ያወቀው ማን ነው? እኔና ዳኛው ገና አላወቅንም» አለኝ። የዚያን ዕለት ያነበብኩት ሁሉ ባይገባኝም፣ እንደ ትልቅ ሰው የሕግ መጽሐፍ እጄ ላይ ማኖሩ ገብቶኝ ነበር።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ያረጀው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ 3,367 አንቀጾች፣ ጥራዙ ላልቶ፣ ኅዳጉ በእርሳስ ማስታወሻ ተሞልቶ። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ መሪ ያደርግና ሚስት በሕግ የተፈቀደ ትእዛዙን እንድትፈጽም ይላል፤ አባዬ በዚያ አንቀጽ ጎን አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ አኑሯል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጥቶ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንደሚመሩ፣ ለሴትም ለወንድም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት እንደሆነ ሲደነግግ፣ ነጋሪት ጋዜጣውን ይዞ ገብቶ ለእማዬ ጮክ ብሎ አነበበላት። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰምታው «ታዲያ እኛ ቤት ምን ይለወጣል?» አለችው። ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ አልፌው ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው ስለ ባሏ ሊናገር ከሚችለው ሁሉ ትልቁን ምስክርነት የሰጠችው ያኔ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ የማውቀው ሰው ነው። በሌላው በኩል ያለውን ሰው ያሳዩኝ ሌሎች ናቸው። እሱ ካረፈ በኋላ አንዲት አሮጊት በሰው በሰው አፈላልገው መጡ። ባላቸው ሲሞቱ በውርስ ክርክር የገቡ፣ የዳኝነት መክፈያ ስላልነበራቸው አባዬ በድኃ ደንብ እንዲከሱ ያስፈቀደላቸው ሴት ናቸው። ክሱን ያሸነፉበትን አንቀጽ አያስታውሱም፤ የማይረሱት አቤቱታው የተጻፈበትን ዕለት ነው። በአቤቱታ መጨረሻ ላይ ከሳሽ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል፤ ብዙ ባለጉዳይ ሳያነበው፣ ማንበብ የማይችለውም ሳይነበብለት አሻራውን ያኖራል። አባዬ ግን አንቀጽ በአንቀጽ ካነበበላቸው በኋላ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሩት ጠየቃቸው። አንድ ቦታ ላይ የነገሩት ከተጻፈው ጋር ስላልገጠመ፣ ቀኑም መሽቶ ስለነበር «ልጄ፣ ይሁን፣ ዋናው እሱ አይደለም» ቢሉት፣ «እናቴ፣ የሚፈርሙት እኮ እርስዎ ነዎት» ብሎ ገጹን ቀዶ እንደገና ጻፈው። ይህን ሲነግሩኝ ከወንድሜ ጋር ተጣልተን የቆምንበት ሳሎን ትዝ አለኝ። ለካ እኛ ላይ ያደርገው የነበረውን ነው ለእሳቸውም ያደረገው፤ ወይም ለእሳቸው ያደረገውን ነው እኛ ላይ ያደረገው። የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ለማወቅ በጣም እመኛለሁ።

የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይጠይቅ ነበር። እንደ እኚህ እናት ያሉ ስንት ሰዎች እንደነበሩ አናውቅም፤ ምክንያቱም አባዬ ስለ ባለጉዳዮቹ ለእኛ ተናግሮ አያውቅም። አዝኖ ሲገባ እናውቃለን፣ በማን እንዳዘነ ግን አናውቅም። እማዬ እንኳ ከሥራው የምታውቀው እራት የሚያሳልፍበትን ቀን ብቻ ነበር። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ጉዳዩ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ አይደለምና፣ እሱም ይህን ከሙያው ግዴታ ይልቅ እንደ ግል ክብሩ ይዞት ነበር። በልጅነቴ ይህ ዝምታ ከእኛ የሚያርቀው መስሎ ይሰማኝ ነበር። አሁን አሁን ግን በሌሎች ሰዎች ገመና ላይ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ የእኛንም የትም እንዳላወራው እርግጠኛ ሆኛለሁ።

ችግሩ መዝገቦቹ ቀርተዋል። ያላለቁትን ባልደረቦቹ ለባለጉዳዮቹ አስረክበዋል፤ በሕጉም ውክልና በተወካዩ ሞት ስለሚቋረጥ ነገሩ ግልጽ ነበር። ውሳኔ ካገኙ ብዙ ዘመን ያለፋቸው፣ ፈላጊ ያልመጣላቸው ፋይሎች ግን በካርቶን ታሽገው እኛ ዘንድ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 የሟች መብትና ግዴታ፣ በሞቱ የሚቋረጡት ሲቀሩ፣ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ይናገራል። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ምስጢር መጠበቅ በሞት የሚቋረጥ ግዴታ ነው ወይስ ለእኛ የተላለፈ? የተላለፈ ከሆነ አባቴን ፍለጋ ያንን ካርቶን መክፈት ግዴታውን ማፍረስ ነው፤ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ የእነዚያ ሰዎች ገመና ጠባቂ አጥቶ ቀርቷል ማለት ነው፣ ይህንንም አባዬ ይቀበለዋል ብዬ ማሰብ አልችልም።

ታናሼ ሳይነበቡ ይቃጠሉ ትላለች። ወንድሜ የሚገኙት ባለጉዳዮች ተፈልገው የየራሳቸውን ይውሰዱ ይላል፤ ትክክለኛው መንገድ የእሱ ይመስለኛል። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ አልወጣሁም። አባዬ ክርክር ከመጻፉ በፊት በነጠላ ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚያስበውን ያሰፍር ነበር፤ በመጀመሪያ የተቃራኒ ወገንን ሐሳብ፣ ጠንካራውን ሁሉ ሳያሳንስ፣ ከዚያ የራሱን። ያ ወረቀት ለችሎት አይቀርብም፣ ለባለጉዳዩም አይሰጥም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ይቀራል። ፋይሉ ለባለቤቱ ሲመለስ ያ ወረቀት የማን ነው? የባለጉዳዩ ነው ወይስ የእኛ?