ሐምራዊ ክዳን ያላት ቲዩብ

ከሕክምና ትምህርት እንደተመረቅኩ የገባሁበት ፕሮግራም ሁለት ሥራ ያጣመረ ነበር። አብዛኛው ጊዜዬ ዋርድ ላይ ያልፋል። ቀሪው ለምርምርና ለማስተማር የተያዘ ነው። እንዲህ ያለ አሠራር በብዙ አገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ሐኪሞች የሚያልፉበት የሁለት ዓመት ሥልጠና አለ። አንዳንዱ ሐኪም በዚያው ውስጥ ለምርምር፣ ለማስተማር ወይም ለአመራር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ አራት ወር ያህል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሕክምናንና ፒኤችዲን አጣምረው ለሚማሩ ሰዎች የመንግሥት ድጋፍ ትሰጣለች።

ስሙም ርዝመቱም ይለያያል። ወጣቱ ሐኪም የሚሰማው ምክር ግን አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ሕክምናውን በደንብ ልመጂ፤ ምርምሩ የትም አይሄድብሽም።» ምክሩ ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን አልስማማበትም። ለምን እንደማልስማማ የሚያሳየው አንድ የዲዩቲ ሌሊት ነው።

ስልክ የደወለው ላብራቶሪው ነው። የአንድ በሽተኛችን ፖታሲየም፣ ደም ውስጥ ያለው አንዱ ማዕድን፣ 8.1 ሆኗል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው የሚሆነው። ከ6.5 ካለፈ የልብ ምት ሊዛባ፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ ማንም አይቀመጥም። አብሮኝ ዲዩቲ የነበረው ሐኪም ፖታሲየሙን ለማውረድ ኢንሱሊንና ግሉኮስ ማዘጋጀት ጀመረ። እኔ የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ማሽን ይዤ ወደ አልጋው ሄድኩ።

በሽተኛው አዛውንት ናቸው። ለኢንፌክሽን ገብተው እየተሻላቸው ነበር። ቀና ብለው ተቀምጠው «ነገ ትለቁኛላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ኢሲጂው ምንም የለበትም። የኩላሊት ምርመራቸው ጤናማ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት ውስጥም ፖታሲየም የሚጨምር የለም።

ሲኒየራችን ስትመጣ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችና «ካልሲየሙን አይታችሁታል?» አለች። 1.1 ነው። መሆን የነበረበት ከ2.2 በላይ ነው። በዚህ መጠን ካልሲየሙ የወረደ ሰው እንዲህ ተረጋግቶ አያወራም። ጣቱ ይደነዝዛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። «ይህ የሰውዬው ደም ሳይሆን ደሙ የተቀዳበት ቲዩብ ውጤት ይመስለኛል። በአዲስ ሲሪንጅ ቅጂና ራስሽ ይዘሽ ሂጂ።» ቀዳሁ፤ ይዤም ሄድኩ። ፖታሲየሙ 4.2፣ ካልሲየሙ ጤናማ ሆኖ ተመለሰ። ኢንሱሊኑ አልተሰጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያላት ቲዩብ፣ የደም ሴል ቆጠራ የሚላክባት ማለቴ ነው፣ ውስጧ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ኬሚካሉ በብዛት የሚሠራው ደግሞ ከፖታሲየም ጋር ተዋህዶ ነው። እንግዲህ ከዚህች ቲዩብ ጥቂት ደም ወደ ሌላኛው ቢገለበጥ፣ ወይም የሲሪንጁ ጫፍ ነክቷት ወደ ቀጣዩ ቢሄድ፣ ማሽኑ የሚያነበው ከፍ ያለ ፖታሲየምና ዝቅ ያለ ካልሲየም ነው። የበሽተኛው ትክክለኛ ፖታሲየም ጤናማ ወይም ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ኢንሱሊን ከተሰጠው ፖታሲየሙም ስኳሩም አብረው ይወርዳሉ። ጤነኛ የነበረ ልብ አደጋ ላይ የሚወድቀው ያኔ ነው። (ኢሲጂው ተለውጦ ቢሆን ኖሮ የድጋሚ ውጤት መጠበቅ አይገባም ነበር። እዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ።)

ጠዋት ራውንድ ላይ ነገሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ታለፈ። አዛውንቱም ተሽሏቸው ወጡ። የዋርድ ሥራ እንዲህ ነው፤ የሚቀጥለው በሽተኛ እየጠበቀ ነው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ይህ ስንት ጊዜ ይደርሳል? ሲኒየሯ ያየችውን ስንቱ ሳያይ አልፎት ይሆን?

የምርምር ጊዜዬ ደረሰ። አማካሪዬ አስቀድሞ የሰጠኝ ርዕስ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ የመረጃ ቋት ላይ የሚሠራ፣ ከዋርዳችን የራቀ። ያቺን ሌሊት ነገርኩትና ርዕሴን ልቀይር አልኩ። ወዲያው እሺ አላለም። «መጀመሪያ የተበከለ ናሙና ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪ» አለኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ፖታሲየም ከፍ፣ ካልሲየም ዝቅ፣ በሰዓታት ውስጥ ሲደገም ጤናማ ብንል ግልጾቹን እንይዛለን። ግን ብክለቱ ጥቂት ሲሆንስ? ያኔ ካልሲየሙ ብዙም አይወርድም። ፖታሲየሙ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። የበሽተኛው ትክክለኛ ፖታሲየም 2.9 ከሆነና ብክለቱ 3.8 ካደረገው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጤናማ ቁጥር ይነበባል። ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይደውልም። በሽተኛው መታከም ሲገባው ሳይታከም ያድራል። ሁላችንን ያስደነገጠን 8.1 ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራኝ ያ ዝም ያለው 3.8 ነው። ይህን ያየሁት ያቺን አንድ ገጽ ስጽፍ ነው። ዋርድ ላይ ዓመታት ብቆይ የማየው አይመስለኝም።

እርግጠኛው መንገድ ኢዲቲኤውን ራሱን ናሙናው ውስጥ መለካት ነው። የእኛ ላብራቶሪ ያንን አይሠራም ነበር። ስለዚህ ግልጾቹን ብቻ እንደምንቆጥርና ድብቆቹ እንደሚያመልጡን መጀመሪያውኑ ጻፍን። ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም አስገባን። የራስን አሠራር ከተቀመጠ መመዘኛ ጋር ማወዳደር ኦዲት ነው፤ አዲስ እውቀት መፈለግ ምርምር ነው። ድንበሩን የሚወስነው ግን ሠሪው አይደለም፤ መጠየቅ አለበት። በጽሑፍ መልስ እስኪመጣ አንድም ካርድ አልከፈትኩም።

ሁለት ሥራ ማጣመር የሚያስቸግረው ሐሳቡ ላይ ሳይሆን ፕሮግራሙ ላይ ነው። የምርምር ቀኔ ሲደርስ ስልኬ ይጮኻል። «ዛሬ ሰው ጎድሎናል፤ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነይልን።» ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ይሄዳል። በማንም አልፈርድም፤ ሰው በእውነት ጎድሏል። ግን የዋርዱን ኃላፊና አማካሪዬን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስክነጋገር ድረስ አንዳቸውም ችግሩን አያውቁትም ነበር። ኃላፊዋ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማነብ ይመስላታል። አማካሪዬ ሥራውን ያዘገየሁት በራሴ ይመስለዋል። የዚያን ዕለት በእኔ ቀን ዋርዱን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በስም ተጻፈ። ለእውነተኛ አደጋ ግን እጠራለሁ አልን። ከዚያ ወዲህ ተጠርቼ ሄጃለሁ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። የተጻፈ ነገር ሲኖር መጠራቱም ቀለለኝ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሚጀምር ሰው የምለምነው ይህን ነው፤ ጥያቄሽን ከመጻፍሽ በፊት ማን እንደሚሸፍንሽ አስጽፊ።

ቆጠራው ከተጀመረ በኋላ ለዋርዱ ሠራተኛ ነገሩን ለማቅረብ ተነሳሁ። አመራር የሚባለውን የተማርኩት እዚህ ነው፤ ያስተማሩኝ ደግሞ የዋርዱ ነባር ነርስ ናቸው። የናሙና አወሳሰድ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ፖስተር ይዤ መጣሁ። ደም ውስጥ ጀርም የሚፈለግበት የደም ካልቸር ይቀድማል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ የሴረሙ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ግራጫ። ሲስተር እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እጄን ይዘው ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰዱኝ።

«ዶክተርዬ፣ ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። እስኪ ትሪውን እዪው።»

አየሁት። ሐምራዊዎቹ ከፊት ተደርድረዋል። የደም ሴል ቆጠራ ከሁሉም በላይ የሚታዘዝ ስለሆነ ያስቀመጣቸው ማንም ይሁን ማን ለቅልጥፍና ብሎ ነው። በሌሊት፣ በደብዛዛ መብራት፣ ደም ሥሩ አልገኝ ካለ በሽተኛ አጠገብ፣ እጅ የሚሄደው ቅርብ ወዳለው ነው። ደሙ ሲያንስ ደግሞ በሽተኛውን ሁለተኛ ላለመውጋት ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው ማካፈል ይመጣል። «ርኅራኄ ነው እንጂ ቸልተኝነት አይደለም» አሉኝ። «ፖስተሩን ተይውና ትሪውን አስተካክይልን። አነስተኛ ቲዩብም አስመጪልን።»

ሁለቱም ሆነ። ትሪው በቅደም ተከተሉ ተደረደረ። ትንሽ ደም የሚበቃቸው ቲዩቦችም መጡ። ለቲዩቦቹ ያመለከትኩት እኔ ብሆንም ሐሳቡ የእሳቸው ነው፤ ባቀረብኩበት ሁሉ ስማቸውን ጠርቻለሁ።

ማስተማሩ በሥራ መረካከቢያ ሰዓት ላይ ሆነ፤ አጭር፣ ቲዩቦቹን በእጅ ይዞ። ለኢንተርኖቹ ክዳኑን ብቻ ከማስሸምደድ እያንዳንዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ማስረዳትን መረጥኩ። አረንጓዴዋ ጋ ስደርስ የምነግራቸው ታሪክ አለ። ውስጧ ሄፓሪን ነው ያለው። የሄፓሪን ታሪክ የሚጀምረው በጄይ ማክሊን ነው፤ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነበር። ፕሮፌሰር ዊልያም ሃወል ደም የሚያረጋ ነገር እንዲያጠና ሥራ ሰጠው። ማክሊን ግን ከጉበት ባወጣው ነገር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል አገኘ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1916 ታተመ፤ ሄፓሪን የሚለውን ስም ሃወል የሰጠው በ1918 ነው። ኢንተርኖቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ማክሊን ያኔ የእነሱ እኩያ ነበር። የተመደበለትን ሲፈልግ ተቃራኒውን ያገኘ ተማሪ «አልተሳካም» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ውጤቱስ? የተበከሉ ናሙናዎች ቀነሱ። ዋርዱ ተደሰተ፤ ኃላፊዋም ለሆስፒታሉ ስብሰባ «ትሪውን በመቀየር ችግሩን ፈታን» ተብሎ እንዲቀርብ ፈለገች። ስታቲስቲክስ የሚሠራልን ባልደረባ ግን ቁጥሮቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ሥሎ አሳየኝ። መውረድ የጀመረው ትሪው ከመቀየሩ በፊት ነው። ቆጠራ መጀመራችን እንደተሰማ ሰው ሁሉ መጠንቀቅ ጀምሯል። ከትሪው በኋላም መውረዱ ቀጥሏል፤ ግን የትሪው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ሥዕል መለየት አይቻልም።

ከኃላፊዋ ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። እሷ የፈለገችው ለደከመው ሠራተኛ ምስጋና እንዲደርሰው ነው፤ እኔም እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ምስጋናውም ሥዕሉም አብረው ቀረቡ። «ቀንሷል፤ ምክንያቱን ገና እያጣራን ነው» አልኩ። ከሌላ ዋርድ የመጣች ነርስ ተነሥታ የእኛም ትሪ እንደዚያው ነው፣ ሳትቀይሩት ቁጠሩልን አለች። ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አዳራሹ ውስጥ አልተነሣም።

ለዚህ ነው ምርምሩ ይቆይ በሚለው ምክር የማልስማማው። ዋርድ ላይ ብቻ ብሆን ትሪውን ቀይሬ ተሳካ ብዬ አልፍ ነበር። ቢሮ ብቻ ብሆን ደግሞ ትሪውን አላየውም፣ ሲስተርም እጄን አይዙኝም።

ሥራውን አሁን የያዘችው ከእኔ በኋላ ወደ ፕሮግራሙ የገባች ሐኪም ናት። አዲሱ ዕቅድ ሁሉም ዋርድ መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆጠር፣ ከዚያ ትሪው በየተራ እንዲቀየር ነው። ተራው ያልደረሰው ለተቀየረው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ቡድኑ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት አስገብታለች፤ የድብቆቹን ብክለት መለካት ይቻል እንደሆነ እየሞከሩ ነው። የመጀመሪያ ዕቅዷን ስታሳየኝ ዋርዱን ማን እንደሚሸፍንላት ጠየቅኳት። ሁለተኛው ገጽ ላይ በስም ጽፋዋለች።