«ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ሳልጠይቅ ያወረድኩት ሞተር

ጋራዣችን ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ ነበር። የሚገባልን ኮሮላና ሃይሉክስ ነው። አንድ ቀን ግን ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ገባች። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሷት ናት። ስሞታቸው አጭር ነው። «ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ትታፈናለች። ቤንዚንም ትጠጣለች።»

ጭሷን አየሁት፤ ጥቁር ነው። ዕድሜዋን አሰብኩ። «ጋሼ፣ ሞተሩ አልቋል» አልኩ። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት፣ ሰማያዊ ደግሞ የዘይት መሆኑን ጀማሪ ረዳት እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ቸኩያለሁ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ከሃይሉክስ የወረደ 22አር የሚባል ሞተር ገዛሁ።

ሞተር መቀየር መኪና ማርከስ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሞተር ባይቀየር ኖሮ በዚህ ከተማ ስንቱ መኪና ግቢ ውስጥ ዝጎ ቀርቶ ነበር!

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። መቀመጫ ብረት በየድን፣ ማርሚታውን ቆራርጠን ቀጠልን። በመጨረሻ ቸርችልን እንደ ቀልድ ወጣችው። ባለቤቷም ከፍለው ሄዱ።

በወሩ ተመለሱ። ዳገቱን አላነሱም። «መሪው ከበደኝ። ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ይቀድማል። ደግሞ ገና ነዳጅ ስሰጣት ድምፅዋ ያልቃል» አሉኝ። ነዳሁት። እውነታቸውን ነው። 22አር ባለ 2.4 ሊትር የፒክአፕ ሞተር ነው፤ ጉልበቱ ከታች ነው፣ ዙር ሲበዛ ይሰለቻል። የድሮው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ 1,438 ሲሲ ብቻ ነበር፤ 90 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው ግን በደቂቃ 6,500 ዙር ላይ ነው። የነደፈው ከፌራሪ የመጣው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ላምፕሬዲ ነው። ያቺ መኪና እየጮኸች እንድትሄድ የተሠራች ናት። እኛ ጭነት መኪና አደረግናት።

የድሮው ሞተር ግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ከኛ ጋር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ካንዴላውን ፈተው አዩት። ጥቀርሻ ነው። ወደ ባለቤቷ ዞረው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የታፈነችው?» አሉ።

«ዘመድ ከጣሊያን አዲስ ካርቡራቶር ከላከልኝ ወዲህ።»

ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ ደግሞ ለዚያ ወፍራም አየር የተለካ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ሞተሩ ደህና ነበር። አዛውንቱ ቀዳዳዋን በቀለጠ ቆርቆሮ ደፍነው፣ በቀጭን መሰርሰሪያ አጥብበው ከፈቷት። ደጋግመው እየሞከሩ ግማሽ ቀን ወሰደባቸው።

የመመለሻውን ሥራ በነፃ ሠራሁ። ደግነቱ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ገና አላስቀየርንም ነበር። 22አሩን ያው ሻጭ በግማሽ ዋጋ ገዛኝ፤ እየሳቀ።

አሁን አንዳንዴ ለሰርቪስ ትመጣለች። የበየድናቸውን ብረቶች ቆርጠን አንስተናል፤ ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ግን ጠባሳቸው ይታየኛል። ባለቤቷ አይተውት ምንም አይሉም።